ለእናቷ የተሰጠው ክኒን ለእሷ ለምን ተከለከለ? 47 መልስ ያስከተለ ጥያቄ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን ይህን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተችው አንዲት ሴት ናት። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ምሬቱ ግን ብዙ። እናቷ በኮሮና ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ ተሰጣቸው። ድነው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ እሷ ራሷ ታመመች። ትኩሳት አለ፣ ሳል አለ፣ ወገብ ይቆረጥማል። ምርመራውም ኮሮና ሆነ። ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት እንዲጽፍላት ለመነችው። እሱ ግን እምቢ አለ። ፈሳሽ እንድትወስድ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንድትውጥ፣ ትንፋሽ ካጠራት ግን ሳትውል ሳታድር እንድትመለስ ነግሮ ሸኛት። አሁን ቤቷ ተኝታለች። ከእናቷ የተረፈ ክኒን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አለ። ልጀምረው አልጀምረው ነው ነገሩ። እናትን ያዳነ መድኃኒት ልጅን ምን ያደርጋታል የሚል ቁጣም ጨምራበታለች።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሳይ ብዙ ጊዜ አልፌው እሄዳለሁ። ሐኪምሽን ስሚ፣ አለቀ። ይሄኛው ግን 47 መልስ ድረስ ተጎትቷል። በመሃል ተጣልተውበታል፣ ተሳስቀውበታል፣ መንገድ ስተው ተመልሰውበታል። በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

1ኛውና 2ኛው መልስ ምኞት ናቸው። እናትሽን እንኳን ማረልሽ፣ አንቺንም ይማርሽ፣ ሐኪሙን ስሚው። ደግ ቃል ነው፤ ግን ለምን ለሚለው መልስ የላቸውም።

ነገሩን የከፈተው 3ኛው ነው። ጸሐፊው በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ሐኪም መሆኑን ተናግሮ፣ ጠያቂዋን እህቴ እያለ ረጋ ብሎ አስረዳ። ኮሮና በጠና ሲይዝ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያም እሱን ያሳድዳል። አብዛኛው ሰው እዚሁ ላይ ይድናል። አንዳንዱ ላይ ግን፣ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ መከላከያው ራሱ ከልክ ያልፋል። ሳንባው በብግነት ይሞላል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። ዴክሳሜታሶን ቫይረስ አይገድልም። የሚያደርገው መከላከያውን ማብረድ ብቻ ነው። ሐኪሙ ያመጣው ምሳሌ ዘበኛ ነው። ሌባ ሊይዝ የገባ ዘበኛ ቤቱን መሰባበር ከጀመረ ዘበኛውን ማስቆም ያስፈልጋል፤ እናትየው ላይ የሆነው ይህ ነው። ሌባው ገና ግቢ ውስጥ እየተሯሯጠ ዘበኛውን ማስተኛት ግን ቤቱን ለሌባው መስጠት ነው፤ ልጅቷ የጠየቀችው ደግሞ ይህንን ነው።

4ኛው መልስ ቁጥር ይዞ መጣ። እንግሊዝ አገር ሪከቨሪ የሚባል ጥናት በመጋቢት 2020 ተጀመረ። የመሩት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒተር ሆርቢና ማርቲን ላንድሬይ ናቸው። ከ170 በላይ ሆስፒታሎች ገቡበት። በእጣ 2,104 ሰው በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን እስከ 10 ቀን ወሰደ፤ 4,321 ሰው ደግሞ ያለ እሱ ታከመ። ውጤቱ ሰኔ 16 ቀን 2020 ይፋ ሆነ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት መሀል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ካልወሰዱት 41.4 በመቶ፣ ከወሰዱት 29.3 በመቶ ነበሩ። ስምንት እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲታከም አንድ ነፍስ ይተርፋል ማለት ነው። ማሽን ሳይሆን ኦክስጅን ብቻ ከሚያስፈልጋቸው መሀል 26.2 በመቶው ወደ 23.3 ወረደ። ኦክስጅን ጭራሽ ያላስፈለጋቸው ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ካልወሰዱት 14 በመቶ ሲሞቱ ከወሰዱት 17.8 በመቶ ሞቱ። የመጨረሻው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል መሆኑን ጸሐፊው አልሸሸገም። ጥቅም እንዳልታየበት ግን ግልጽ ነው። ጠያቂዋ ያለችው እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው።

እኔ ብሆን ክሩን እዚህ ላይ ዘግቼ እተኛ ነበር። ማን ሊተኛ!

5ኛው ሰውዬ ተቆጣ። የያዘው እጣ የምትለዋን ቃል ነው። በሰው ነፍስ እጣ ተጣለ ወይ? ከ4,000 በላይ ሰው የሚያድነውን መድኃኒት ተነፍጎ እንዲሞት ተተወ ወይ? ይህ ሕክምና ነው ወይስ ቁማር? 6ኛው ደግሞ ሊያግዘው ብሎ ለቀሩት ሰዎች መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ተሰጥቷቸው ተታለሉ ሲል ጨመረበት። 7ኛው ይህን ወዲያው አረመ። በዚህ ጥናት ላይ ማስመሰያ አልነበረም። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አግኝቷል፤ ሐኪሙም በሽተኛውም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር። የተቆጠረው ሞት ነው። ሞት ደግሞ ስለተሰማህና ስላልተሰማህ አይለወጥም። 6ኛው ስህተቱን አመነ። በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ብርቅ ነገር ስለሆነ እዚህ መዝግቤዋለሁ።

ለ5ኛው የመለሱት አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ 8ኛው መልስ። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ያን ጊዜ ማን ምን ያውቅ እንደነበር እንዲያስታውስ ጠየቁት። በጥር 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ስቴሮይድ፣ ዴክሳሜታሶን ያለበት የመድኃኒት ዘር፣ በልማድ እንዳይሰጥ ነበር የሚመክረው። ስለዚህ ዴክሳሜታሶን ያልደረሳቸው ሰዎች ያገኙት በየትኛውም ሆስፒታል የሚሰጠውን ነው፤ ከማንም ያነሰ አልተሰጣቸውም። ከዚያ ሌላ ነገር አነሱ። በዚያው ጥናት ውስጥ ሀይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒትም በእጣ ይሰጥ ነበር። በዚያ ሰሞን እሱ የደረሰው ሰው እድለኛ ነኝ ይል ነበር፤ ያልደረሰው ያዝን ነበር። ሲቆጠር ከወሰዱት 27 በመቶ፣ ካልወሰዱት 25 በመቶ ሞተዋል። እድለኛው ማን ነበር? ነርሷ ጥያቄውን ጥለው ወጡ። 5ኛው ሰውዬ እስከ 11ኛው መልስ ድረስ ድምፁ ጠፋ።

9ኛውና 10ኛው ስለ ነርሷ ምርቃት ናቸው። ልለፋቸው።

11ኛው ላይ 5ኛው ሰውዬ ታጥቆ ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር የያዘው ነገር ባዶ አልነበረም። ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው ትልቅ መጽሔት ሀይድሮክሲክሎሮኪን ሰው ይገድላል የሚል ጥናት አወጣ። በ671 ሆስፒታሎች የታከሙ 96,000 በሽተኞች መረጃ አለን ይል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ደንግጦ የራሱን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 4 ቀን፣ ጥናቱ ተሰረዘ። መረጃውን ሰጠ የተባለው ሰርጂስፊር የሚባል ድርጅት ቁጥሩን ለገለልተኛ ምርመራ አላስረክብም አለ። ታዲያ፣ አለ ሰውዬው፣ ያኔ ያመንናቸውን አሁን ለምን እንመን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ተርቶ 38 ላይክ ሰበሰበ።

12ኛው መልስ ስድብ ነው፤ አወያዩ ቆረጠው። 13ኛው ግን ጥሩ ነጥብ አለው። ያ ጥናት እጣ አልነበረውም፤ በየሆስፒታሉ ተሰበሰበ የተባለ መዝገብ ብቻ ነው። የጠረጠሩትም ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው፤ ቁጥሩ አልገጥም ብሏቸው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በተሰረዘ ማግሥት፣ ሰኔ 5፣ ሪከቨሪ የራሱን በእጣ የተገኘ ውጤት ተናገረ፤ መድኃኒቱ እንደማይጠቅም። ስለዚህ ሌባው ተይዟል፣ ተያዘ ብለህ ደግሞ ፖሊሱን ትሰድባለህ ብሎ ሰውዬውን ወጋው። ክርክሩ እዚህ ላይ ከመድኃኒት ወጥቶ ወደ እልህ ገባ።

14ኛው መልስ አይቨርሜክቲንን አመጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ጸሐፊዋ ከነቤተሰቧ አይቨርሜክቲን ውጠው በአምስት ቀን መዳናቸውን፣ ማንም ሐሳቧን ሊያስቀይራት እንደማይችል ተናገረች። መድኃኒቱ የኖቤል ሽልማት ያስገኘ መሆኑንም አስታወሰች። እውነት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ካምቤልና ኦሙራ በ2015 ተሸልመውበታል። የተሸለሙት ግን ትል ስለሚያጠፋ ነው። 15ኛው ይህንኑ ተናገረ፤ አነጋገሩ ግን ማሾፍ ነበረበት። አልወደድኩለትም። ትክክል ሆኖ መሳደብ የሚቀናቸው ሰዎች ተቃራኒውን ወገን ሲያጠናክሩ እንጂ ሲያሳምኑ አላየሁም።

16ኛው ጸሐፊ ፋርማሲስት ነው። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት መልስ የእሱ ነው። መጀመሪያ ወሬው ከየት እንደተነሳ አሳየ። በ2020 ጸደይ አይቨርሜክቲን በብርጭቆ ሳህን ላይ፣ በዝንጀሮ ኩላሊት ሴሎች ውስጥ ያለ ቫይረስን እንደሚያደክም የሚያሳይ ጥናት ወጣ። መጠኑ ግን ሰው በተለመደው ልክ ቢውጥ ደሙ ውስጥ ከሚደርሰው እጅግ የበዛ ነው። በኋላ ብራዚል ውስጥ በተካሄደ ጥናት 679 ሰው አይቨርሜክቲን፣ 679 ሰው ማስመሰያ በእጣ ወሰደ። ተብሶባቸው ሆስፒታል የገቡት ወይም ድንገተኛ ክፍል ቆይተው የታከሙት 100 እና 111 ናቸው። ያን የምታህል ልዩነት ሳንቲም ሲወረወርም ትመጣለች።

ከዚያ ፋርማሲስቱ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አመጣ። አንዳንድ ጥናቶች ላይ አይቨርሜክቲን የጠቀመ የመሰለው ለምንድን ነው? ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል አለ። ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ያ ሰው በኮሮና ታሞ ዴክሳሜታሶን ሲሰጠው መከላከያው ይተኛል፤ ትሉም ገደቡን ጥሶ በመላ ሰውነቱ ይበተናል። ይህ የሚገድል ነገር ነው። አይቨርሜክቲን ትሉን ይገድለዋል። በ2022 የወጣ አንድ ትንታኔ ጥናቶቹን ትሉ በሚበዛባቸውና በማይበዛባቸው አካባቢዎች ለይቶ ሲመለከት፣ ጥቅም ታየ የተባለው ትሉ በሚበዛበት ብቻ ሆኖ አገኘው። ኮሮናን ሳይነካ ኮሮና ያለበትን ሰው ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም እያሉ ሁለት ወገኖች ሲደባደቡ፣ መልሱ ለማን፣ መቼ፣ በምን ላይ የሚል ሆኖ ተገኘ። የጠያቂዋ ጥያቄም መልሱ ይኸው ነበር።

ፋርማሲስቱ በዚያው መሳቢያ ውስጥ ስላለው ክኒንም አስጠነቀቀ። ዴክሳሜታሶን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። በ2021 ሕንድ ውስጥ በሁለተኛው ማዕበል ጊዜ ጥቁር ፈንገስ የተባለው በሽታ ብዙ ሰው ዓይኑን ያሳጣውና የገደለው፣ በተለይ ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ የወሰዱ ሰዎች ላይ ነበር። 17ኛው መልስ ይህን ሲያነብ በአንድ መስመር ተረተ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ጠያቂዋ ይህን ብታነብ ምን ትላለች ብዬ ተሳቀቅኩ። 18ኛው ገሠጸው፤ በታመመ ሰው አይተረትም ብሎ። 19ኛው ላይ አወያዩ ገብቶ ሁሉም እንዲረጋጋ፣ ካልሆነ ክሩን እንደሚዘጋ ተናገረ።

20ኛው መልስ ሰላም አወረደ። ተራ ጥያቄ ነበር፤ ሴትዮዋ ቤት ኦክሲሜትር አላት ወይ የሚል። ጣት ላይ ተሰክታ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካዋ ትንሽ መሣሪያ ማለቱ ነው። 21ኛውና 22ኛው የስንት ቁጥር ሲሆን መደንገጥ እንዳለባት ተነጋገሩ። ኮሮና ክፉ ጠባይ አለው፤ ሰውየው እያወራ፣ ስልክ እየነካካ፣ ኦክስጅኑ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያዋ ትጠቅማለች።

23ኛው ግን አንድ ነገር ጨመረ። ለእኛ ለጥቁሮች በተለይ። መሣሪያዋ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ፣ ደሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው ለክታ ነው የምትገምተው። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። በታኅሣሥ 2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 ባለችበት ጊዜ ከደም ሥር የተቀዳው ደም በእውነት ከ88 በታች የሆነባቸውን ሰዎች ቆጠረ። ከነጭ በሽተኞች 3.6 በመቶ፣ ከጥቁር በሽተኞች 11.7 በመቶ ሆኑ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። መሣሪያዋ ደህና ነህ እያለችው ያልዳነ ሰው። ስለዚህ ጸሐፊው የመከረው አንዲት ቁጥር ላይ እንዳትንጠለጠል ነው። ትናንት 97 የነበረ ዛሬ 93 ከሆነ መውረዱ ራሱ ወሬ ነው። ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ትሂድ።

24ኛው ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለምም ቁጥሩን እንደሚያዛባ ነገራት። 25ኛው ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያውቅ እንደቆየ ተናግሮ ተናደደ፤ አባቱን በዚያች ቁጥር አምኖ ቤት አቆይቷቸው ነበር። ምን እንደሆኑ አልጻፈም። ማንም አልጠየቀውም። እኔም ባነብ ባነብ ያቺ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ከ26 እስከ 31 ያለው ወሬ ስለ አስታማሚነት ነው። ጡረተኛዋ ነርስ ተመልሰው መጡ። በሽተኛን በሆዱ ስለማስተኛት አወሩ። መጀመሪያ ላይ ሰው ያሾፍባቸው እንደነበር፣ መድኃኒት ሲያጡ ሰው ይገለብጣሉ እየተባሉ። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ሳንባ አብዛኛው ሥጋው በጀርባ በኩል ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ያ ክፍል ይጨፈለቃል፤ ሲገለበጥ ይከፈታል። ከኮሮና በፊት፣ በ2013፣ ፈረንሳዊው ክሎድ ጌራን የመሩት ጥናት በማሽን ላይ ያሉ ከባድ በሽተኞችን በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት ያህል በሆዳቸው አስተኛ። በ28 ቀን የሞቱት ከ32.8 ወደ 16 በመቶ ወረዱ። ያለ አንድ ክኒን! ነርሷ ግን ሥራውን ነው የተረኩት። አንድ ማሽን ላይ ያለ ሰው ለመገልበጥ አራት አምስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ብቻ ይይዛል፤ የሚቆጥረውም እሱ ነው፤ ሦስት ሲል ሁሉም ያነሳል። ቱቦው ከወጣ በሽተኛው ሊሞት ይችላል። በመከላከያ ልብስ ውስጥ በላብ ተዘፍቀው በፈረቃ አሥር ሰው ሲገለብጡ ወገባቸው ይቀር ነበር። ፊት ላይ ቁስል እንዳይወጣ በየጥቂት ሰዓቱ ጭንቅላት ማዞርም አለ።

29ኛው ነቅተው የሚተነፍሱ ሰዎች በሆዳቸው ቢተኙስ ብሎ ጠየቀ። 30ኛው መለሰ። በ2021 ስድስት አገሮች አብረው ያካሄዱት ጥናት፣ መተንፈሻ ቱቦ የገባላቸው ወይም የሞቱት ከ46 ወደ 40 በመቶ እንደወረዱ አሳይቷል። ያተረፈው ከቱቦ ነው፤ በሞት ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም። 31ኛው የእሱ ባለቤት በሆዷ መተኛት እንደማትወድ አውርቶ አሳቀን።

ክትባት እንደሚመጣ አውቄው ነበር። 32ኛው ላይ መጣ። ጸሐፊው ተከትቦ ሦስት ጊዜ መያዙን ቆጥሮ ክትባቱ ውሸት ነው አለ። 33ኛው ደንቆሮ አለው። 34ኛው ከዚያ ይልቅ ቁጥር አመጣ። የፋይዘርና ባዮንቴክ ጥናት ላይ 43,000 ያህል ሰው ተሳትፏል። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በኮሮና የታመሙት ማስመሰያ ከወሰዱት 162፣ ከተከተቡት 8 ናቸው። 95 በመቶ የሚባለው ከዚህ ነው የመጣው።

35ኛው ብልጥ ነው። እያንዳንዱ ወገን 18,000 ያህል ሰው ከነበረ፣ ሳይከተብ የታመመው 100 ሰው ላይ አንድ እንኳ አይሞላም። እና ለዚህ ነው ዓለም የተናወጠው? 36ኛው ሳይሳደብ መለሰለት። ሁለቱም ስሌት ልክ ነው። ግን ክትትሉ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነበር፤ ወረርሽኙ ደግሞ ዓመታት ቆየ። በሁለት ወር አንድ የማይሞላው በሁለት ዓመት ስንት ይሆናል? ደግሞም የተቆጠረው የታመመ እንጂ በቫይረሱ የተያዘ ሁሉ አልነበረም። ለ32ኛውም መልሱ እዚህ አለ። ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል በወራት ይቀንሳል፤ በኅዳር 2021 ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ ደግሞ ቫይረሱ መልኩን ቀየረ። ስለዚህ መያዝ ይቻላል። ቫይረሱን የሚያስታውሱት የመከላከያ ሴሎች ግን ይቆያሉ፤ ከከባድ ሕመም የሚያድኑትም በብዛት እነሱ ናቸው።

37ኛው ሆስፒታል ከገቡት የሚበዙት የተከተቡ ናቸው የሚለውን ወሬ በጣት ቆጥሮ ፈታው። ከ1,000 ሰው 900ው ተከትቧል እንበል። ከተከተቡት 1 በመቶ፣ ካልተከተቡት 5 በመቶ ሆስፒታል ቢገባ፣ 9 የተከተቡና 5 ያልተከተቡ ሰዎች አልጋ ላይ ይገኛሉ። አልጋውን ብቻ ያየ ሰው ክትባቱን ይከሳል።

38ኛው መልስ ሁሉንም ዝም አሰኘ። የ19 ዓመት የወንድሙ ልጅ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደረቱን ይዞ ሆስፒታል ገባ፤ የልብ ጡንቻ ብግነት ተባለ፤ ጥቂት ቀን ተኝቶ ዳነ። ይህን ሲናገር ፀረ ክትባት እየተባለ ተሰድቧል። ከዚያ በፊት የጻፉት የክትባት ደጋፊዎች አንዳቸውም ይህን አላነሱትም ነበር፤ ማንሳት ነበረባቸው። ነገሩ እውነት ነው። ሞደርናና ፋይዘርን በመሰሉት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች ላይ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በሁለተኛው መርፌ በቀናት ውስጥ የሚታይ ብርቅ ጉዳት ነው፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። 36ኛው ተመልሶ ይህን አረጋገጠለት፤ ይቅርታም ጠየቀው። አጎትየው ራሱ የተከተበ መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

39ኛውና 40ኛው ስለ ረጅሙ ኮቪድ ናቸው፤ ከኮሮና በኋላ ለወራት ስለማይለቅ ሕመም። ስሙን ያወጡት ሐኪሞች አይደሉም፤ በ2020 አልሻል ያላቸው በሽተኞች ራሳቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም የሰጠው በጥቅምት 2021 ነው። 40ኛዋ ጸሐፊ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ሁለት ጊዜ እንደምታርፍ ተናግራ አለፈች። ብዙ አላብራራችም።

41ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ለቋታል፣ ሳሉ ትንሽ አለ፣ ኦክስጅኗ ከ96 አልወረደም። ክኒኑን አልነካችውም። እውነቱን ለመናገር ልትውጠው ውሃ ይዛ ነበር፤ 3ኛውን መልስ ያነበበችው ያኔ ነው። 42ኛው እንኳን ማረሽ አለ። 43ኛው፣ ያ 5ኛው ሰውዬ፣ ያለ መድኃኒት ዳነች ማለት መድኃኒቱ አያስፈልግም ማለት ነው ብሎ ሊያሸንፍ ሞከረ። 44ኛዋ ያቺ የአይቨርሜክቲኗ ሴት ናት። ጠያቂዋ በአምስት ቀን መዳኗን አይታ፣ እሷም በአምስት ቀን መዳኗን አስታውሳ፣ ትንሽ ግራ እንደገባት ጻፈች። ሌላ አልጨመረችም። ማንም አልሳቀባትም፤ 15ኛው እንኳ።

45ኛው ፋርማሲስቱ ነው፤ የተረፈውን ክኒን ለመድኃኒት ቤት እንድትመልስ ጠየቃት። 46ኛው ላይ እሺ አለች።

47ኛውን የጻፉት ነርሷ ናቸው። ስለ እሷ አይደለም የጠየቁት፤ ስለ እናትየው ነው። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እንዴት እንደሆኑ፣ ሲራመዱ ይደክማቸው እንደሆነ፣ የደም ስኳራቸውንም ማን እንደለካላቸው። እስካሁን መልስ አልተጻፈም።